አዲስ ገቢውን ተማሪ ማን ይቀበለው?

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት



በየዓመቱ ከየጉባኤው ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። ቤተ ሰብ ብርድ ልብስና ሻንጣ ይገዛል፤ ጎረቤት ስንቅ ያዘጋጃል፤ ሽማግሌዎች መርቀው ይሸኛሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሽኝቱ የሚያልቀው አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ወጣቱ ብቻውን ይገፋዋል። እንግዲህ ይህ ትምህርት የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ እኛ የሸኘነውን ልጅ በሌላው ጫፍ ማን ይቀበለዋል?

የምናቀርበው መልስ ቀላል ነው። ከእርሱ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ፣ በፈቃዱ የሚያገለግልና ጥቂት ሥልጠና ያገኘ ተማሪ ይቀበለው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ተማሪ «ጓደኛ አማካሪ» እንለዋለን። ትምህርቱን በቡድን ሆናችሁ ብታነቡትና በመጨረሻው ላይ ባሉት ጥያቄዎች ብትወያዩ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

1. የአዲስ ገቢው ችግር ምንድን ነው?

የአገራችን የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የተመሠረተው በ1950 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪዎቹን በራሱ መንገድ የሚቀበል ቢሆንም፣ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከዚህም የተነሣ የሐዋሳ ልጅ ባሕር ዳር፣ የጎንደር ልጅ ጅማ፣ የነቀምቴ ልጅ ሰመራ ሊደርሰው ይችላል። ከወላጆቹ ቤት ርቆ አንድ ሌሊት እንኳ አድሮ የማያውቅ ወጣት በአንድ ጊዜ አየሩን፣ ምግቡን፣ ቋንቋውንና ጓደኛውን ይለውጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደብረ ብርሃን የሚሄደው ብርድ ይጠብቀዋል። ከደጋ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው ደግሞ ወባን የሚቋቋም ሰውነት የለውም፤ አጎበር መጠቀም እንዳለበትም የነገረው ላይኖር ይችላል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በገጠር ትምህርት ቤት መምህሩ እንግሊዝኛውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ እየተረጎመ ሲያስተምረው የቆየ ልጅ፣ አሁን በትልቅ አዳራሽ ውስጥ በፍጥነት የሚናገር መምህር ይገጥመዋል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ዓመት ስለ ሆነ፣ ሎጂክና አመክንዮአዊ አስተሳሰብ፣ ሥነ ልቡና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚባሉትን ትምህርቶች አንድ ላይ ይጀምራል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለእርሱ አዲስ ናቸው።

በዚህ ላይ የቤተ ሰቡ ተስፋ አለ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ከ100 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ማለፊያ ያላገኙ ብዙ ተማሪዎች በአቅም ማሻሻያ፣ ማለትም በሪሚዲያል ፕሮግራም፣ ገብተው እንዲማሩ ተደርጓል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ የመንደሩ መኩሪያ ነው። መኩሪያ የሆነ ልጅ ደግሞ «አልገባኝም፤ ከበደኝ» ብሎ ለአባቱ ለመጻፍ ያፍራል።

ጉዳዩ በቁጥር ሲታይ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት የሆኑ 5 ኮርሶች ወሰደ እንበል። በሁለቱ ቢ፣ በሁለቱ ሲ፣ በአንዱ ዲ አገኘ። ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ስለ ሆነ፣ ድምሩ 11 ይሆናል፤ በ3 ክሬዲት ሲባዛ 33፣ ለ15 ክሬዲት ሲካፈል 2.20 ይመጣል። አሁን ከሁለቱ ሲዎች አንዱ ኤፍ ሆነ እንበል። ድምሩ 9፣ በ3 ሲባዛ 27፣ ለ15 ሲካፈል 1.80 ይሆናል። ለመመረቅ የሚያስፈልገው 2.00 ነው። አንድ ኮርስ ብቻ ከመስመሩ በታች አወረደው ማለት ነው። ብዙ አዲስ ገቢዎች ይህን ስሌት የሚያውቁት ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው። በአራተኛው ሳምንት ቢያውቁት ኖሮ ጥናታቸውን ሊያስተካክሉ ይችሉ ነበር።

እንግዲህ ዋናው ችግር የአእምሮ ማነስ አይደለም። የሚያስፈልገውን በጊዜው አለማወቅና ለመጠየቅ ማፈር ነው። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብለዋል። ነገር ግን የሚጠየቅ ሰው አጠገብ ከሌለ ምሳሌው ብቻውን አይረዳም።

2. ለምን ታላቅ ተማሪ?

«መምህራን አሉ፤ አማካሪ መምህርም ይመደባል፤ የተማሪዎች ዲንም አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እነርሱን የሚተካ የለም። ይሁን እንጂ አዲስ ገቢው ወደ ቢሮ ሄዶ የማይጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ሬጅስትራር የቱ ጋ ነው? የካፌ ተጠቃሚ ልሁን ወይስ የምግቡን ገንዘብ ልውሰድ? የወጪ መጋራት ውል ስፈርም ምን እየፈረምሁ ነው? ሚድ ፈተና ከመቶ ስንት ይይዛል? የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ የገባቸው ይመስላል፤ እኔ ብቻ ነኝን ያልገባኝ? እነዚህን ለዲን መጠየቅ ያሳፍራል፤ ለእናት መጻፍም አይጠቅምም፤ እናት አታውቀውምና። ባለፈው ዓመት እዚያው አልጋ ላይ ተኝቶ ስለዚያው ነገር ለተጨነቀ ተማሪ ግን ይጠየቃል።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በየኔታ ትምህርት ቤት ከፍ ያሉት ተማሪዎች ለጀማሪዎች ፊደል ያስቆጥሩ ነበር፤ የኔታ ሁሉንም በየተራ ማስተማር ስለማይችሉ ብቻ ሳይሆን፣ ልጅ ከልጅ ሲማር ስለማይፈራም ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ቀድሞ የተማረው ለኋለኛው ያስቀራል። እኛ የምንለው ይህንኑ የቆየ ልማድ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በሥርዓት እናስቀጥል ነው።

ነገር ግን አንድ ልዩነት ይታወቅ። ከዚህ ቀደም በየዩኒቨርሲቲው የነበረውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ብዙዎች በጥርጣሬ ያስታውሱታል፤ ከላይ የተመደበ ስለ ነበረና ማን ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ ነው። ጓደኛ አማካሪ የማንም ጆሮ አይደለም። የሚያገለግለው በፈቃዱ ነው፤ አዲስ ገቢውም የሚቀበለው በፈቃዱ ነው።

3. በሌላ አገር ምን ተገኘ?

በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የካንሳስ ሲቲ ግቢ፣ ዲያና ማርቲን የተባሉ ሴት አንድ አሠራር ጀመሩ። ብዙ ተማሪ የሚወድቅባቸውን ኮርሶች መረጡ። ከዚያም ያንን ኮርስ በጥሩ ውጤት ያለፈ አንድ ተማሪ እንደገና በክፍሉ እንዲቀመጥና በየሳምንቱ ለፈለገ ሁሉ የጥናት ሰዓት እንዲመራ አደረጉ። አሠራሩ ኋላ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። የጥበቡ ቁልፍ ይህ ነው፤ «ደካማ ተማሪዎች ይምጡ» አላሉም፤ «ይህ ኮርስ ከባድ ነው፤ የፈለገ ይምጣ» አሉ። ስለዚህ የመጣውን ሰው ማንም ሰነፍ አላለውም። እፍረት ከበሩ ላይ ቀረ።

በ2011 እ.ኤ.አ. ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ እንዲህ ይላል። በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የታላላቆቻቸውን ቃል እንዲያነቡ ተደረገ። ቃሉም በአጭሩ፣ «እኛም በመጀመሪያ እዚህ ቦታ የለንም ብለን ሠግተን ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ለመድን» የሚል ነበር። ጠቅላላው ሥራ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። በጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ዘንድ ግን የዚያ አንድ ሰዓት ፍሬ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት በውጤታቸው ላይ ታየ። ምክንያቱም መጥፎ ውጤት ሲመጣ «እኔ የዚህ ቦታ ሰው አይደለሁም» ከማለት ይልቅ «ይህ በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው፤ ያልፋል» ማለትን ተማሩ።

ሦስተኛው ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን ምህንድስና በሚማሩ 150 ሴት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነው። አንዳንዶቹ ሴት ጓደኛ አማካሪ፣ አንዳንዶቹ ወንድ ጓደኛ አማካሪ ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሴት አማካሪ የነበራቸው ሁሉ ከምህንድስና ሳይወጡ ተገኙ፤ ከሌሎቹ ግን የለቀቁ ነበሩ። በወንዶች መካከል ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ፣ ከፊቷ ያለፈች ሴት ማየቷ ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

ከሦስቱም የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ታላቅ ተማሪ የሚሰጠው ዋና ስጦታ ዕውቀቱ አይደለም፤ «እኔም ነበርሁበት» የሚለው ቃሉ ነው።

4. የጓደኛ አማካሪ ሥራና ወሰን

ሥራው አራት ነው።

ሀ) መንገድ ማሳየት። ሬጅስትራርን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ክሊኒኩን፣ የፕሮክተሩን ክፍል በእግር አብሮ ሄዶ ማሳየት።

ለ) ማዳመጥ። አዲስ ገቢው ሲናገር አለማቋረጥ፤ «ይህማ ቀላል ነው» አለማለት። ለእርሱ ቀላል አይደለምና።

ሐ) የጥናት ልማድ ማስያዝ። ሃንድአውትን ፈተና ሲደርስ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ማንበብ፤ ከአራትና ከአምስት ጓደኞች ጋር መጠያየቅ፤ የነጥብ ስሌቱን በራሱ እጅ እንዲሠራ ማድረግ።

መ) ወደሚመለከተው ማድረስ። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለአማካሪ መምህር፣ ለተማሪዎች ዲን፣ ለክሊኒክ፣ ለምክር አገልግሎት ወይም ለሥርዓተ ጾታ ቢሮ ማሳወቅ፤ «ሂድ» ሳይሆን «ና፣ አብረን እንሂድ» ማለት።

ወሰኑም ይታወቅ። ጓደኛ አማካሪ ሐኪም አይደለም፤ አበዳሪ አይደለም፤ የቤት ሥራ ሠሪ አይደለም። ለአዲስ ገቢው አሳይንመንት የሚሠራለት ሰው ወዳጅ መስሎ ይጎዳዋል። እንዲሁም አንድ ጓደኛ አማካሪ ከ4 ወይም ከ5 በላይ አዲስ ገቢ አይያዝ። እርሱም ተማሪ ነው፤ የራሱ ውጤት ከወደቀ ምሳሌነቱ ይቀራል።

5. ሥራው በጊዜ ሲከፋፈል

ከቤት ሳይወጣ፦ ምደባው እንደ ታወቀ ጓደኛ አማካሪው ስልክ ይደውል። የሚያዘውን ይንገረው፤ የ8ኛ ክፍል የምስክር ወረቀት፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ልብስ። የቦታው አየር ቆላ ከሆነ አጎበር፣ ደጋ ከሆነ ሹራብ። ለመጥፋት የማይመቸው ዋናው ወረቀት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዝ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ከተቻለ መናኸሪያው ድረስ ሄዶ መቀበል፤ ካልተቻለ በግቢው በር ላይ። በዚያው ቀን አንድ ምግብ አብሮ መብላት። ለብቻው በካፌ ሰልፍ ቆሞ የሚበላው የመጀመሪያ እራት ለብዙ ልጆች ከባድ ነው።

ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቀንና ቦታ፣ ለግማሽ ሰዓት መገናኘት። ይህ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል፤ ልማድ የሚያዘው አሁን ነው። ለማንበብ ይረዳል ብሎ ጫት የሚያለማምድ ጓደኛ የሚመጣውም በዚህ ወራት ነው።

ከሚድ ፈተና በፊትና በኋላ፦ በፊት፣ የጥናት ዕቅዱን አብሮ ማየት። በኋላ፣ ውጤቱ በተለጠፈ ቀን መገኘት። ውጤት የተበላሸበት ልጅ በዚያ ቀን ብቻውን አይደር።

ሁለተኛው ሴሚስተር፦ መገናኛውን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ኋላም በወር አንድ ጊዜ ማድረግ። ዓላማው አዲስ ገቢው በራሱ እንዲቆምና በሚቀጥለው ዓመት እርሱ ራሱ ሌላውን እንዲቀበል ነው። ለዘላለም የሚደግፍ ምርኩዝ እግርን ያሰንፋል።

6. ለልምምድ የሚሆን ንግግር

የሚከተለውን ሁለት ሰዎች በቡድኑ ፊት ያንብቡት። አንዷ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሌላዋ አዲስ ገቢ ናት።

— እንዴት ሰነበትሽ? ባለፈው ሐሙስ ጠብቄሽ ነበር።
— ደህና ነኝ። ትንሽ አሞኝ ነበር።
— አይዞሽ። አሁንስ ተሻለሽ?
— አዎ… ተሻለኝ።
— ሒሳቡ እንዴት ነው?
— ደህና ነው።
— እኔ በመጀመሪያው ሚድ ከ30 ያገኘሁት 9 ነበር። ለማንም አልተናገርሁም።
— (ዝም ትላለች።) እኔ… 7 ነው ያገኘሁት። ለአባቴ ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም።
— ስለ ነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ። ለአባትሽ የምትነግሪውን ኋላ አብረን እናስባለን። መጀመሪያ ወረቀቱን አምጪውና የትኛው እንዳስቸገረሽ እንይ። ከ100 የቀረው ስንት ነው?
— 70።
— እንግዲያው ብዙ ቀርቷል። ነገ ከመምህሩ ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የምትጠይቂው ግን አንቺ ነሽ።

አስተውሉ። «አሞኝ ነበር» እና «ደህና ነው» የሚሉት ቃላት በር የሚዘጉ ናቸው። በሩ የተከፈተው በጥያቄ ብዛት ሳይሆን፣ ታላቂቱ የራሷን 9 በተናገረች ጊዜ ነው። ደግሞም ጥያቄውን ለመምህሩ የምታቀርበው አዲስ ገቢዋ ራሷ እንድትሆን ማድረጓን አስተውሉ።

7. ጥንቃቄዎች

መልካም ሥራ ያለ ጥንቃቄ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ የሚከተሉት ሊጠበቁ ይገባል።

አንደኛ፣ ለሴት ተማሪ ሴት፣ ለወንድ ተማሪ ወንድ ጓደኛ አማካሪ ይመደብ። አዲስ ገቢ ሴት ተማሪን «ላስጠናሽ» በሚል ሰበብ የሚቀርቡ ታላላቅ ወንዶች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። መገናኛውም ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የሰሙትን ምሥጢር መጠበቅ ግዴታ ነው። ነገር ግን ሕይወቱን ለማጥፋት የሚናገር፣ የተደፈረች ወይም የሚያስፈራራት ሰው ያለ እንደ ሆነ፣ ይህ ብቻውን የሚያዝ ምሥጢር አይደለም። ሰውየው ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ምክር አገልግሎት ይወሰድ። ይህን ደንብ ጓደኛ አማካሪው በመጀመሪያው ቀን ይናገር እንጂ ነገሩ ከደረሰ በኋላ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከጉባኤ የሚወጣ አገልጋይ የጉባኤውን ልጆች ብቻ አይቀበል። በመኝታ ክፍሉ ያለው ኦርቶዶክስ ቢሆን ሙስሊም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ሌሊት ለሁሉም እኩል ይከብዳል። እርዳታንም የእምነት ማግባቢያ ማድረግ አይገባም። ለሌላ ነገር ማጥመጃ መሆኑ የታወቀ ወዳጅነት ሁሉንም ወዳጅነት ያስጠረጥራል።

አራተኛ፣ ሁሉም በቋንቋው ብቻ እንዳይሰበሰብ ይታሰብበት። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያነጋግር ታላቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕረፍት ይሰጣል፤ ይህን አንነቅፍም። ግን ከአራቱ አዲስ ገቢዎች ሁለቱ ከሌላ አካባቢ የመጡ ቢሆኑ፣ አብረው የበሉና አብረው ያጠኑ ልጆች በክፉ ቀን አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል።

8. የጉባኤውና የፕሮጀክቱ ድርሻ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሥራው በተማሪዎች ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ እያንዳንዱ ድርሻውን ይውሰድ።

ተማሪ የሚልክ ጉባኤ፣ ማን ወዴት እንደ ተመደበ የሚያሳይ መዝገብ ይያዝ፤ ተማሪው ሳይሄድ በዚያ ግቢ ያለ ታላቅ ተማሪ ያፈላልግለት። ወላጆችንም ያነጋግር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የልጁ መጨረሻ እንዳልሆነና «ተበላሸብኝ» ሲላቸው ሳይቆጡ እንዲሰሙት ይምከራቸው። ይህ አንድ ምክር ብዙ ልጆችን ከብቸኝነት ያድናል።

ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ያለ ጉባኤ፣ ለጓደኛ አማካሪዎች የሚሰበሰቡበት ክፍል ይስጥ፤ በበዓል ቀን ወደ ቤታቸው መሄድ ያልቻሉትን ቤተ ሰቦች በየቤታቸው ይቀበሉ። ሥራውንም ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት አሳውቆ በፈቃድ ይሥራ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች የሁለት ቀን ሥልጠና ያዘጋጁ። በመጀመሪያው ቀን ማዳመጥንና ከላይ ያለውን ንግግር ያለማምዱ፤ በሁለተኛው ቀን ወሰኑን፣ ጥንቃቄዎቹንና የሚመለከታቸውን ቢሮዎች ያስተምሩ። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ጓደኛ አማካሪዎቹን ሰብስበው «ምን ከበዳችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሌላውን ሸክም የሚሰማ ሰው የእርሱን የሚሰማለት ይፈልጋል። ደግሞም አገልግሎቱ በፈቃድ ቢሆንም፣ የስልክና የመጓጓዣ ወጪውን ድኻ ተማሪ ከኪሱ እንዲያወጣ አይጠበቅ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሦስት ዓመታት ከጉባኤያችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄዱት እነማን ናቸው? ትምህርቱን ትቶ የተመለሰ አለን? ከመመለሱ በፊት ችግሩን የሰማ ሰው ነበርን?

2. «ደካማ ተማሪዎች ይምጡ» እና «ይህ ኮርስ ከባድ ነው፤ የፈለገ ይምጣ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በእኛ አገልግሎት ውስጥ የመጀመሪያውን ዓይነት ጥሪ የምናደርገው የት ነው?

3. በክፍል 6 ያለችው ታላቅ ተማሪ የራሷን ውጤት ባትናገር ኖሮ ንግግሩ እንዴት ያልቅ ነበር?

4. አንድ አዲስ ገቢ «ለማንም አትንገር» ብሎ አደገኛ ነገር ቢነግራችሁ ምን ትላላችሁ? መልሱን በአፋችሁ ተለማመዱት።

5. በዚህ ዓመት ለሚሄዱት ልጆች ማን ስልክ ይደውላል? ስሙን አሁን ጻፉ።

ማጠቃለያ

ብርድ ልብሱን መግዛት፣ ስንቁን ማዘጋጀትና መመረቅ አይቅር። ግን በሌላው ጫፍ አንድ ሰው ይኑር። ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ሕንፃ አያስፈልግም፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት የሚሰጥ፣ ዓምና የተጨነቀና ያንን ጭንቀቱን ያልረሳ አንድ ተማሪ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ዛሬ በየግቢው አሉ። ብዙዎቹ ያላገለገሉት ስለማይፈልጉ ሳይሆን የጠየቃቸው ስለሌለ ነው። እንግዲህ የምደባው ዝርዝር ሳይወጣ እንጠይቃቸው።